ሥራን በሥራ ማሳየት፦ ጀማሪ የድረ ገጽ ባለሙያ የራሱን ድረ ገጽ እንዴት ይገነባል?

ባሕር ዳር፦ ክረምቱ ሲገባ ከየኮሌጁና ከየዩኒቨርሲቲው የሚመረቁ ወጣቶች የትምህርት ማስረጃቸውን በክላሰር ይዘው የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳዎችን ማንበብ ይጀምራሉ። ከማስታወቂያዎቹ ብዙዎቹ ለአዲስ ተመራቂ ከባድ የኾነ አንድ መስመር አላቸው፤ "የሥራ ልምድ" የሚል። ሥራ ሳይገኝ ልምድ አይገኝም፤ ልምድ ሳይኖር ደግሞ ሥራ አይገኝም። ልጅን ለማስተማር በሬ የሸጠ፣ ከአንድ መኸር ምርቱ ላይ ቀንሶ ኮምፒውተር የገዛ ቤተሰብም ውጤቱን በጉጉት ይጠብቃል።

ይኽ ችግር በሁሉም የሙያ ዘርፎች ያለ ቢኾንም ድረ ገጽ መሥራት ለተማሩ ወጣቶች ግን አንድ የተለየ መውጫ አለ። የግንባታ ባለሙያ ችሎታውን ለማሳየት ሲሚንቶና ብረት ያስፈልገዋል፤ የሰብል ባለሙያም ማሳና ወቅት ይሻል። የድረ ገጽ ባለሙያ ግን በአንድ ኮምፒውተር ብቻ፣ የማንንም ቅጥር ሳይጠብቅ ሥራ ሠርቶ ለዓለም ሊያሳይ ይችላል። ሥራዎቹን ሰብስቦ የሚያሳይበት የግል ድረ ገጽ በሙያው ቋንቋ "ፖርትፎሊዮ" ይባላል።

ለአርሶ አደሩ ይኽ ሐሳብ እንግዳ አይደለም። አዲስ የስንዴ ዝርያ ወደ ቀበሌ ሲገባ የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ስለ ዝርያው ቢናገር ብቻ የሚቀበለው ጥቂት ነው። ዝርያው በሠርቶ ማሳያ ማሳ ላይ ተዘርቶ፣ ቁመናው ታይቶ፣ ታጭዶና ተወቅቶ ምርቱ ሲመዘን ግን በቀጣዩ ዓመት ጠያቂው ይበረክታል። የጀማሪ ባለሙያ ድረ ገጽም የዕውቀቱ ሠርቶ ማሳያ ነው። የትምህርት ማስረጃው "ተምሯል" ይላል፤ ድረ ገጹ ደግሞ የተማረው ምን እንዳበቀለ ያሳያል።

*ድረ ገጽ ከምን ይሠራል?*

የዓለማችን የመጀመሪያው ድረ ገጽ ለሕዝብ የተገለጠው እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር በነሐሴ 1991 ነበር። የፈጠራው ባለቤት እንግሊዛዊው ቲም በርነርስ ሊ ሲኾኑ ሥራውን ያከናወኑት በስዊዘርላንድና በፈረንሳይ ድንበር ላይ በሚገኘው ሰርን በተባለው የኑክሌር ምርምር ማዕከል ውስጥ ነው። ያ ገጽ ሥዕል አልነበረውም፤ ጽሑፍና ከአንዱ ጽሑፍ ወደ ሌላው የሚወስዱ ማስፈንጠሪያዎች ብቻ ነበሩት። ይኹን እንጂ ዛሬም የሚሠራ ማንኛውም ድረ ገጽ የቆመው በዚያው መሠረት ላይ ነው።

ጀማሪ ባለሙያ ሦስት ነገሮችን በቅደም ተከተል ይማራል። የመጀመሪያው ኤችቲኤምኤል ነው። በጭቃ ቤት ቢመሰል ምሰሶውና ማገሩ ማለት ነው፤ ርዕሱ የት እንደሚቆም፣ አንቀጹ የት እንደሚጀምር፣ ሥዕሉ የት እንደሚገባ ይወስናል። ኹለተኛው ሲኤስኤስ ነው። ምርጊቱና ቀለሙ እርሱ ነው፤ የፊደሉን መጠን፣ የገጹን ቀለም፣ በየክፍሉ መካከል የሚኖረውን ርቀት ያስተካክላል። የመጀመሪያው የሲኤስኤስ ደረጃ የወጣው እንደ አውሮፓውያኑ በ1996 ነው። ሦስተኛው በ1995 በብሬንዳን አይክ የተፈጠረው ጃቫስክሪፕት ሲኾን ገጹ ለተጠቃሚው ምላሽ እንዲሰጥ ያደርገዋል። ቁጥር ሲጻፍለት ያሰላል፣ ቁልፍ ሲነካ የተደበቀውን ይገልጣል።

እዚህ ላይ በገጠርና በትንንሽ ከተሞች ላሉ ወጣቶች የሚጠቅም አንድ እውነት አለ። እነዚህን ሦስቱን ለመማርና ለመለማመድ በይነ መረብ ሁልጊዜ አያስፈልግም። ባለሙያው የጻፈው ፋይል በራሱ ኮምፒውተር ላይ ባለው ማሰሻ ያለ በይነ መረብ ይከፈታል። ኔትወርክ በሌለበት ቀበሌ ተቀምጦ ሙሉ ድረ ገጽ ሠርቶ መጨረስ ይቻላል፤ በይነ መረቡ በግድ የሚያስፈልገው የተጠናቀቀውን ሥራ ለሕዝብ ለማውጣት ነው።

*በገጹ ላይ ምን ይቀመጣል?*

ብዙ ጀማሪዎች የመጀመሪያ ጊዜያቸውን የሚያባክኑት በማስዋብ ነው። የሚንቀሳቀስ ጽሑፍ፣ የሚበሩ ከዋክብት፣ ሲከፈት የሚጮኽ ሙዚቃ ይጨምራሉ። ቀጣሪው ግን ገጹን የሚከፍተው በሥራ መሃል ነው፤ ለማየት የሚፈልገውም ጥቂት ነገር ነው።

አንደኛ፣ ባለቤቱ ማን እንደኾነና ምን መሥራት እንደሚችል በኹለት ወይም በሦስት ዐረፍተ ነገር ሊገለጥ ይገባል። "ታታሪ፣ ቅንና በቡድን መሥራት የምችል" የሚለው ሁሉም ሰው የሚጽፈው ስለኾነ ማንንም ከማንም አይለይም። "ለአነስተኛ ንግድ ቤቶች በአማርኛና በእንግሊዝኛ በስልክ በፍጥነት የሚከፈት ድረ ገጽ እሠራለሁ" የሚለው ግን ለቀጣሪው ተጨባጭ መረጃ ይሰጣል።

ኹለተኛ፣ ሥራዎቹ። ሦስት የተጠናቀቁ ሥራዎች ከዐሥር ጅምሮች ይሻላሉ። በእያንዳንዱ ሥራ ሥር አጭር ማብራሪያ ያስፈልጋል፤ ችግሩ ምን ነበር፣ ባለሙያው ምን ሠራ፣ ምን አስቸገረው፣ እንዴትስ ፈታው የሚሉት ይመለሱበታል። ልምድ ያለው መዛኝ ከሥዕሉ ይልቅ ይኽን ማብራሪያ ያነባል፤ የባለሙያው አስተሳሰብ የሚታየው እዚያ ላይ ነውና።

ሦስተኛ፣ ሥራውን ነክቶ መሞከሪያና ኮዱን ማያ ማስፈንጠሪያ ሊኖር ይገባል። የሥራው ፎቶ ብቻ ከተለጠፈ ግን ሥራው በእርግጥ እንደሚሠራ አይታወቅም።

አራተኛ፣ መገናኛ። ለሥራ ብቻ የተከፈተ የኢሜይል አድራሻ ይበቃል። ጀማሪ በሚሠራው ዓይነት ቀላል ድረ ገጽ ላይ የሚቀመጥ የመልዕክት ቅጽ ያለ ተጨማሪ አገልግሎት መልዕክቱን ለባለቤቱ አያደርስም። ቅጹ እየታየ መልዕክቱ የትም የማይደርስ ከኾነ የሥራ ጥሪ በከንቱ ሊቀር ይችላል።

*ደንበኛ የሌለው ጀማሪ ምን ሥራ ያሳያል?*

ጀማሪዎች ደጋግመው የሚያነሱት ጥያቄ ይኽ ነው። ማንም ሥራ ካልሰጣቸው ምን ያሳያሉ? የተለመደው መልስ ከትምህርት ቪዲዮ ላይ የተቀዳ የሂሳብ ማሽን ወይም የዕለት ሥራ መመዝገቢያ ነው። ይኽ ለልምምድ ጥሩ ነው፤ ኾኖም ያንኑ ቪዲዮ የተመለከተ ሰው ሁሉ ያንኑ ስለሚሠራ ባለሙያውን አይለይም።

የሚለየው በአካባቢ ካለ ችግር የሚነሳ ሥራ ነው። በአርሶ አደር ቤት ያደገ ወጣት በዚህ ረገድ ሀብታም ነው፤ ከተማ ተወልዶ ያደገ ባለሙያ የማያውቃቸውን ችግሮች ያውቃል።

ለአብነት የማዳበሪያ መጠን ማስያ ገጽን መመልከት ይቻላል። የማዳበሪያ ምክረ ሐሳብ የሚሰጠው በሄክታር ነው፤ በብዙ የአማራ ክልል አካባቢዎች አርሶ አደሩ መሬቱን የሚለካው ግን በጥማድ ወይም በቃዳ ነው። በተለምዶ አራት ጥማድ እንደ አንድ ሄክታር ይቆጠራል። ሦስት ጥማድ ያለው አርሶ አደር 0.75 ሄክታር አለው ማለት ነው። ባለሙያ ለአካባቢው አፈርና ሰብል የመከረው መጠን በሄክታር 100 ኪሎ ግራም ቢኾን የሚያስፈልገው 75 ኪሎ ግራም ወይም ባለ 50 ኪሎው ከረጢት አንድ ተኩል ነው። ገጹ ኹለት ቁጥሮችን ማለትም የመሬቱን ስፋትና በባለሙያ የተመከረውን መጠን ተቀብሎ መልሱን በኪሎና በከረጢት ይሰጣል።

ሥራው ቀላል ይመስላል፤ ስህተቱ ግን ቀላል አይደለም። ጀማሪው ጥማዱን ወደ ሄክታር መቀየር ቢረሳ ገጹ 75 ማለት ሲገባው 300 ኪሎ ግራም ይላል። ይኽም ከአንድ ተኩል ከረጢት ይልቅ ስድስት ከረጢት ማለት ነው። ልዩነቱ የአንድ ቤተሰብ የዓመት ወጪ ሊያናጋ ይችላል። ስለዚህ ባለሙያው መልሱን አስቀድሞ በእጁ አስልቶ ከገጹ መልስ ጋር ማመሳከር፣ ባዶ ቦታ ወይም ከዜሮ ያነሰ ቁጥር ሲገባ ምን እንደሚኾን መፈተሽ፣ የጥማድ መጠን ከቦታ ቦታ ሊለያይ ስለሚችልም ተጠቃሚው የአካባቢውን ልኬት እንዲያስተካክል ዕድል መስጠት ይጠበቅበታል። ይኽን ፈተና እንዴት እንዳለፈ በማብራሪያው ላይ ቢጽፍ የገጹን ዋጋ ከፍ ያደርገዋል።

ሌላው አብነት የዘመን አቆጣጠር መቀየሪያ ነው። የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ከአውሮፓውያኑ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ስለሚለይ ብዙ ጀማሪዎች ቁጥር ቀንሰው ወይም ደምረው ሥራው ያለቀ ይመስላቸዋል። መስከረም 1 ቀን 2016 ዓ.ም ግን የዋለው በአውሮፓውያኑ መስከረም 12 ሲኾን መስከረም 1 ቀን 2017 ዓ.ም የዋለው መስከረም 11 ነው። ምክንያቱ በየአራት ዓመቱ በዘመነ ሉቃስ ጳጉሜን ስድስት ቀን ስለምትኾን ነው። ይኽን የማያውቅ ፕሮግራም ከአራት ዓመት በአንዱ ለተወሰኑ ወራት በአንድ ቀን ይሳሳታል። ልዩነቱን ያወቀና በፕሮግራሙ ያካተተ ጀማሪ የአገሩን ዕውቀት ወደ ሙያው ማምጣቱን ያስመሰክራል።

ከዚህም ሌላ ለአካባቢ ወፍጮ ቤት፣ ለማር አምራቾች ማኅበር፣ ለእንግዳ ማረፊያ ወይም ለትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት አንድ ገጽ በነጻ ሠርቶ በባለቤቶቹ ፈቃድ ማሳየት ይቻላል። በነጻ የሚሠራ ሥራም ቢኾን የሚጠናቀቅበት ቀንና ማን ምን እንደሚያቀርብ አስቀድሞ በግልጽ ሊነገር ይገባል። ማለቂያ የሌለው ነጻ ሥራ ጀማሪውን ያደክማል፤ ባለቤቱንም አያስደስትም።

*የአማርኛ ፊደልና የስልክ ስክሪን*

በአማርኛ ድረ ገጽ መሥራት የራሱ ጥንቃቄ አለው። የኢትዮጵያ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሥርዓት ውስጥ የተካተተው እንደ አውሮፓውያኑ በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የተለያዩ የጽሕፈት ፕሮግራሞች ፊደሉን በየራሳቸው ስልት ያስቀምጡት ስለነበር በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ይኾን ነበር። ዛሬም ባለሙያው በገጹ መጀመሪያ ላይ ጽሑፉ በዩቲኤፍ-8 እንደተጻፈና ቋንቋው አማርኛ እንደኾነ ካላሳወቀ ተመሳሳይ ችግር ሊገጥመው ይችላል።

የአማርኛ ፊደላት ከላቲኑ ፊደል በቁጥር ስለሚበዙ የፊደል ፋይሉም በዚያው መጠን ይከብዳል። ስለዚህ አንድ ዓይነት ፊደል፣ ለምሳሌ በነጻ የሚገኘውን ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ፣ መርጦ በእርሱ መጽናት ይሻላል። በመስመሮች መካከልም ከእንግሊዝኛው ሰፋ ያለ ርቀት ያስፈልጋል። ገጹ የፍለጋ ሳጥን ካለው ደግሞ "ሠራተኛ" ብሎ የጻፈውና "ሰራተኛ" ብሎ የጻፈው ሰው አንድ መልስ እንዲያገኙ ማድረግ የባለሙያው ኃላፊነት ነው። ሀ፣ ሐ እና ኀ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀም እንዲሁ ናቸው።

ሌላው ጉዳይ ስልክ ነው። በአገራችን ብዙ ሰው ድረ ገጽ የሚከፍተው በስልኩ ነው። ገጹ በሰፊ ኮምፒውተር ላይ አምሮ በስልክ ላይ ፊደሉ የሚያንስ ከኾነ፣ ወይም ለማንበብ ወደ ጎን መሳብ ካስፈለገ ሥራው አልተጠናቀቀም። ጥሩው ልማድ ከስልኩ ስክሪን ጀምሮ ወደ ሰፊው መሄድ ነው።

የምስል ክብደትም የተጠቃሚውን ኪስ ይነካል። በስልክ የተነሳ አንድ ፎቶ 4 ሜጋባይት ቢኾን ዐሥር ፎቶ የያዘ ገጽ 40 ሜጋባይት ይወስዳል። እያንዳንዱ ምስል በመጠን ተቀንሶ ወደ 150 ኪሎባይት ቢወርድ ግን ዐሥሩም በአንድነት 1.5 ሜጋባይት ብቻ ይኾናሉ። በስልክ ስክሪን ላይ ለሚያየው ሰው የጥራት ልዩነቱ ብዙም አይታወቅም፤ የጥቅል ልዩነቱ ግን ይታወቃል።

*ለሕዝብ የሚወጣው እንዴት ነው?*

ድረ ገጽ ሌሎች እንዲያዩት ሁልጊዜ በሚሠራ ኮምፒውተር ማለትም በሰርቨር ላይ መቀመጥ አለበት፤ የሚጠራበት አድራሻም ያስፈልገዋል። ለጀማሪ ሥራ ይኽን በነጻ የሚሰጡ አገልግሎቶች አሉ። ከእነርሱ ታዋቂው ጊትሀብ ሲኾን እንደ አውሮፓውያኑ በ2008 ተመሥርቶ በ2018 በማይክሮሶፍት ተገዝቷል። ጊትሀብ የኮድ ማከማቻ ከመኾኑም በላይ ለሁሉም ክፍት በተደረገ ማከማቻ ውስጥ ያለን ድረ ገጽ እስከ 1 ጊጋባይት ድረስ ያለ ክፍያ ያስተናግዳል። አድራሻው የተጠቃሚውን ስም ይዞ የሚያልቀው በ"ጊትሀብ ነጥብ አይኦ" ነው። ኔትሊፋይና ክላውድፍሌርም ተመሳሳይ ነጻ አማራጭ አላቸው።

ሌላም ጥቅም አለው። ኮዱ በየዕለቱ ወደ ማከማቻው ከተላከ ኮምፒውተር ቢበላሽ፣ መብራት በድንገት ቢጠፋ ወይም ፋይል በስህተት ቢሰረዝ ሥራው አይጠፋም። የለውጡ ታሪክም በየቀኑ ስለሚመዘገብ ቀጣሪው ባለሙያው በምን ያህል ጽናት እንደሠራ ይመለከታል።

ጀማሪዎች ገጹን ለሕዝብ ሲያወጡ ኹለት ስህተቶች ይደጋገማሉ። በራሳቸው ኮምፒውተር ላይ ይታይ የነበረው ምስል ከወጣ በኋላ ይጠፋል። አንደኛው ምክንያት የምስሉ አድራሻ የራሳቸውን ኮምፒውተር ማህደር የሚያመለክት መኾኑ ነው፤ ያ ማህደር በሰርቨሩ ላይ የለም። ኹለተኛው የፋይል ስም ነው። ዊንዶውስ በእንግሊዝኛ ትልቅና ትንሽ ፊደል መካከል ልዩነት ሳያደርግ ፋይሉን ይከፍታል፤ ብዙዎቹ ሰርቨሮች ግን ልዩነቱን ይጠብቃሉ። የፋይል ስሞችን ሁሉ በትንሽ ፊደልና ያለ ባዶ ቦታ መጻፍ ችግሩን ከሥሩ ያስቀራል።

የራስን ስም የያዘ አድራሻ የሚፈልግ በየዓመቱ የሚታደስ ክፍያ ይከፍላል። የኢትዮጵያ መለያ የኾነውን "ነጥብ ኢቲ" የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ነው። ለመጀመሪያ ሥራ ግን ይኽ ግዴታ አይደለም። መዛኙ ከአድራሻው ይልቅ በውስጡ ያለውን ሥራ ያያል።

*ወጪውና ትምህርቱ*

ከኮምፒውተሩና ከበይነ መረብ ጥቅሉ በስተቀር ሌሎቹ መሣሪያዎች በነጻ ይገኛሉ። ቪዥዋል ስቱዲዮ ኮድ የተባለው የኮድ መጻፊያ ያለ ክፍያ የሚጫን ነው። ፍሪኮድካምፕ የተባለው የትምህርት ተቋም ከመሠረታዊው ጀምሮ ሙሉ ትምህርቱን በነጻ ይሰጣል። በአገራችንም በሐምሌ 2016 ዓ.ም ከተባበሩት አረብ ኤምሬትስ ጋር በመተባበር ይፋ የተደረገው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር መሠረታዊ የኮዲንግ ትምህርቶችን በበይነ መረብ በነጻ እንዲሰጥ የተዘጋጀ ሲኾን፣ ትምህርቱን ላጠናቀቁ የምስክር ወረቀት ይሰጣል።

በመኾኑም በነጻ የሚገኝን ነገር "ላስመዝግብልህ" ወይም "ድረ ገጽህን ልክፈትልህ" በሚል ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ሲያጋጥም ወላጅም ልጅም ቆም ብለው ሊጠይቁ ይገባል። የሚከፈልባቸው ጥሩ ሥልጠናዎች የሉም ማለት አይደለም፤ የሚከፈለው ለመምህሩ ጊዜና እገዛ እንደኾነ መታወቅ አለበት። በሌላ ሰው የተሠራ ፖርትፎሊዮ ደግሞ የገዛውን ሰው ችሎታ አያሳይም። ሌላ ሰው ባረሰው ማሳ እንደመኩራራት ነው።

ይኽ ጥንቃቄ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ኮድ ለሚያጽፉም ይሠራል። መሣሪያው ሥራ ያፋጥናል፤ ኾኖም በቃለ መጠይቅ ላይ "ይኽ መስመር ምን ይሠራል?" ተብሎ ሲጠየቅ መልስ የሌለው ባለሙያ ያለ ሥራ ልምድ ከመጣው የባሰ ይገመገማል። የማይረዱትን መስመር በገጽ ላይ አለማዋል ጥሩ ደንብ ነው።

*ሊታለፉ የማይገባቸው ጥንቃቄዎች*

ለሕዝብ የወጣ ገጽ ለመልካም ሰውም ለአጭበርባሪም እኩል ይታያል። የመታወቂያ ቁጥር፣ የባንክ ሒሳብ፣ የቤት አድራሻና የትምህርት ማስረጃ ሙሉ ቅጂ በገጹ ላይ ሊቀመጡ አይገባም። የይለፍ ቃልና ምስጢራዊ ቁልፍ በኮድ ውስጥ ተረስቶ ለሁሉም ክፍት በኾነ ማከማቻ ሲቀመጥ ለጥቃት ያጋልጣል።

የሌሎችን ሰዎች መረጃ በተመለከተም ኃላፊነት አለ። ለማኅበር ወይም ለንግድ ቤት የሠራ ጀማሪ የአባላቱን ስምና ስልክ ለማሳያ መጠቀም የለበትም፤ በምትኩ የፈጠራ መረጃ ማስገባትና የፈጠራ መኾኑን መግለጽ ይችላል። በ2016 ዓ.ም የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የሰዎችን የግል መረጃ ለሚይዙና ለሚጠቀሙ ግዴታዎችን ደንግጓል። በበይነ መረብ ላይ የተገኘ ፎቶም ባለቤት አለው፤ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሥራ አመንጪዎችን መብት ያስጠብቃል። የራስን ፎቶ ማንሳት ወይም ለነጻ አገልግሎት የተፈቀደውን መጠቀም ይሻላል።

ገጹ ከወጣ በኋላ የሚመጣ የሥራ ጥሪም ይመረመራል። ለመቅጠር አስቀድሞ ክፍያ የሚጠይቅ፣ የይለፍ ቃል የሚፈልግ ወይም ያለ ምንም ጥያቄ ከፍተኛ ደመወዝ ቃል የሚገባ ጥሪ ሊያጠራጥር ይገባል።

*ወላጅ ምን ይጠይቅ?*

ልጁ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ ሲውል ለወላጅ ሥራውና ጨዋታው መለየት ሊያስቸግር ይችላል። ወላጅ ኮድ ማንበብ አይጠበቅበትም፤ ማየት የሚችለው ነገር ግን አለ። "የሠራኸውን በእኔ ስልክ ክፈትልኝ" ማለት ይችላል። በወላጅ ስልክ የተከፈተ ገጽ በእርግጥ ለሕዝብ ወጥቷል። "ይኽ ለማን ይጠቅማል?" ብሎ ሊጠይቅም ይችላል፤ ይኽን በሚገባ የሚመልስ ወጣት ለቀጣሪውም ይመልሳል። "ካለፈው ወር ወዲህ ምን ጨመርክ?" የሚለው ጥያቄ ደግሞ ሥራው መቆሙን ወይም መቀጠሉን ያሳያል።

የማዳበሪያ ማስያው ወይም የዘመን መቀየሪያው የመጀመሪያ ፈታሽም ወላጁ ወይም ጎረቤቱ ሊኾን ይገባዋል። ቁልፉን ማግኘት ካቃታቸው፣ ቃሉ ካልገባቸው ወይም ቁጥሩ ካጠራጠራቸው ጥፋቱ የገጹ ነው። ትልልቅ ድርጅቶች ተጠቃሚ ፈልገው ከፍለው የሚያስፈትሹትን ነገር ወጣቱ ከቤቱ ያገኛል።

ይኽ ሁሉ ሲኾን አንድ ነገር በግልጽ ሊነገር ያስፈልጋል። ድረ ገጽ መሥራት ብቻውን ሥራ ለማግኘት ዋስትና አይኾንም። ውድድሩ ብዙ ነው፤ የመጀመሪያው ደንበኛ እስኪገኝ ወራት ሊያልፉ ይችላሉ። የሠርቶ ማሳያ ማሳም ዝርያውን ገበያ አይወስደውም፤ ለሚጠራጠረው ሰው ግን የሚያየው ነገር ይሰጠዋል። "የማያዩት አገር አይናፍቅም" እንዲሉ ያልታየን ችሎታ የሚፈልግ የለም። ለመጀመር ደግሞ ስምን፣ ሙያን፣ አንድ ሥራንና አንድ የኢሜይል አድራሻን የያዘ አንድ ገጽ ይበቃል። ቀሪው በየወሩ እየታረመና እየተኮተኮተ ያድጋል።